ሦስት ዘዴ ያስተማራት ሰው

ስንዱ ዓለምነህ ሰው ካመነች ጨርሳ ነው የምታምነው። ይህ ጠባይዋ ከሙያዋ ጋር አይገጥምም፤ በንፋስ መውጫ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ናት። ክፍል ውስጥ ተማሪ «ይህማ ግልጽ ነው» ካላት «ግልጽ ከሆነ ማሳየቱ ምን ያስቸግርሃል?» ብላ ጠመኔውን ታስይዘዋለች። ሰሌዳዋ ላይ ምክንያት የሌለው አንድ መስመር አያልፍም። ከክፍል ወጥታ ከወዳጅ ጋር ስትቀመጥ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከጠመኔው ጋር ይቀራል። ድሮ ባልደረቦቿ ይህን እያነሡ ይስቁባት ነበር፤ አሁን አይስቁም።

ከወዳጆቿ ሁሉ የሚቀድመው ልመንህ ክንዱ ነው። ልመንህ የስማዳ ልጅ ነው። ጋይንት ውስጥ ወዳለችው የዜማ ትምህርት አገር፣ ወደ ቤተ ልሔም የመጣው ድጓ ሊማር ሲሆን መምህሩም የስንዱ አባት መሪጌታ ዓለምነህ ነበሩ። ጎጆው ከቤታቸው ጓሮ ስለነበረ የስንዱ እናት ከልጆቿ ሳትለይ አበላችው፤ ሲያመውም ያስታመመችው እሷ ናት። ኋላ ልቡ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሲያዘነብል መሪጌታ አልተቆጡም፤ «ከዚህ የያዝኸውን አትጣል» ብለው መርቀው ለቀቁት። ከስንዱ ጋር አንድ ክፍል ተማሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተውም ሒሳብ አብረው አጠኑ። እናቷ ስትታመም ስንዱ ወደ አገሯ ተመልሳ አስተማሪ ሆነች፤ ልመንህ በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪነት ቀረ። እሱ «እቴ» ይላታል፤ እሷ «ወንድሜ» ትለዋለች። እናቷ የተቀበረች ቀን አለቃቀሱን ያየ ሰው እውነትም የወለደችው ነበር የሚመስለው።

በመሪጌታ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። ተማሪ ምንም ያህል አሳምሮ ቢያዜም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተቀበልኸው?» ተብሎ ነው። የመምህሩን ስም ያልጠራ ተማሪ እንደ ሌባ ይታያል። «ይህ የእኔ ነው» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው፤ መሪጌታ ራሳቸው በገለበጧቸው ብራናዎች ላይ የመምህራቸው ስም እንጂ የእሳቸው የለም። ሥርዓቱ ታዲያ መምህሩንም ያስራል። ተማሪው ከመምህሩ ያልተቀበለውን «ከመምህሬ ነው» ቢል፣ መምህሩ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት አለበት። አንድ ቀን ልመንህ አንድ ዜማ አሳምሮ አዚሞ «ከየኔታ ነው» ቢል መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ይህንን እኔ አልሰጠሁህም። የስማዳው መምህርህ የሰጡህ ነው፤ ስማቸውን ጥራ» አሉት። ልመንህ ጎንበስ ብሎ የመምህሩን ስም ጠራ። ስንዱ ደጃፉ ላይ ቆማ አይታለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልመንህ ለዕረፍት ሲመጣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞላት መጣ። ውስጡ የማረጋገጫ ረዳት የሚባል ፕሮግራም ተጭኖበታል። ይህ ፕሮግራም ሒሳብ አይሠራላችሁም፤ እናንተ የጻፋችሁትን ማረጋገጫ መስመር በመስመር ይመረምራል፤ ያላሳያችሁትን ነገር ንጉሥ ብትሆኑም አይቀበላችሁም። ስንዱ ወዲያው ወደደችው። መምህራን ክፍል አንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ተቀመጡና ልመንህ ሦስት ዘዴ አሳያት፤ ታሳቢ እንዴት እንደሚገባ፣ በገባው ታሳቢ እንዴት እንደሚሠሩበት፣ እንዴት እንደሚጨርሱ። ከዚያ ሚኒባሱ እንዳያመልጠው ብድግ ብሎ ሄደ።

እሱ በሄደ በጥቂት ጊዜ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያ ሰሞን የተቋረጠው ኢንተርኔት ብቻ አልነበረም፤ መንገዱም ስልኩም ትምህርቱም ቀጥ እያለ ነበር። ስንዱ እጅ ላይ የቀረው ፕሮግራሙና ሦስቱ ዘዴዎች ብቻ ናቸው፤ የሚያስረዳ መጽሐፍ የለ፣ የሚጠየቅ ሰው የለ። ሌላው ቢሆን ላፕቶፑን ሸፍኖ ያስቀምጠው ነበር። እሷ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ ተቀምጣ ትሞክር ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር አለ። ከመስመሩ በታች ልታረጋግጡት የምትፈልጉት ነገር ይቀመጣል፤ ከመስመሩ በላይ ታሳቢዎቹ፣ ማለትም «እንዲህ ነው እንበል» ብላችሁ ይዛችኋቸው የተነሣችሁት ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይደረደራሉ። አራት አምስት ሲሆኑ ደህና ነው። ሃያ ሲደርሱ ግን ስክሪኑ የአርብ ገበያ ከተማን የገበያ ቀን ይመስላል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ታሳቢን መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መቼ ስም ይሰጠዋል፣ ሥራውን ሲጨርስ እንዴት ይወገዳል፣ ሰፊው እንዴት ይጠብባል፣ ያለ ጊዜው የገባው እንዴት ወደ ታች ይመለሳል፤ ይህን ሁሉ ስንዱ አንድ በአንድ እየተሳሳተች አገኘችው። በሁለት ክረምት ከሦስቱ ሌላ ሠላሳ ስምንት ዘዴ አወጣች።

ያገኘችውን ሁሉ መጀመሪያ በደብተር፣ ኋላ በላፕቶፑ ጻፈችው። ለእያንዳንዱ ዘዴ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚበጅ፣ መቼ እንደማይበጅ በንጹሕ አማርኛ አስቀመጠች፤ ከምሳሌውም በታች «ስህተቴ» የምትል ትንሽ ክፍል ጨመረች። እዚያ ውስጥ የት እንደወደቀች፣ ለምን እንደወደቀች፣ እንዴት እንደተነሣች ሳትደብቅ ትናገራለች። አንዷ «ስህተቴ» አሥራ አንድ ቀን የፈጀች ናት። ማስመሰል የማትወድ ሰው ስትጽፍ እንዲህ ነው የምትጽፈው።

ሲያልቅ በሰነዱ ራስ ላይ ምን ጻፈች? «ታሳቢዎችን የመያዝ ዘዴ፤ ከመምህር ልመንህ ክንዱ የተቀበልሁት» ብላ ጻፈች። ስሟንስ? አልጻፈችም። ሦስት ዘዴም ቢሆን መምህር መምህር ነው፤ የመሪጌታ ልጅ ደግሞ የመምህሩን ስም ሳይጠራ ሥራ አያወጣም። ኢንተርኔት ሲመለስ እንዲያየው ለልመንህ ላከችለት። በማግስቱ «እቴ፣ ድንቅ ነው! ትንሽ ነካ ነካ አድርጌ እመልስልሻለሁ» ብሎ ጻፈላት። አልመለሰላትም። እሷም ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብላ አልጎተጎተችውም።

በዓመቱ የትምህርት ቤቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ካሰች አንድ ማስታወቂያ በስልኳ አሳየቻት። አንድ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በማረጋገጫ ፕሮግራሞች ዙሪያ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥቂት ሰዎችን ይቀበላል፤ መመዘኛው አመልካቹ ራሱ የሠራው አንድ ሥራ ነው። «ይህ ላንቺ የወጣ ነው» አለቻት ካሰች። ስንዱ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷን ስታስታምም ያለፋት ትምህርት ተመልሶ የመጣ መሰላት። ሰነዱን እንዳለ አያይዛ ላከችና ስድስት ሳምንት ጠበቀች።

የመጣው መልስ አጭር ነበር። ያቀረበችው ሥራ የመምህር ልመንህ ክንዱ መሆኑን ሰነዱ ራሱ እንደሚናገር፣ ከስምንት ወር በፊትም በስማቸው መታተሙን፣ የሌላ ሰው ሥራ አቅርባ በመገኘቷ ማመልከቻዋ መሰረዙን፣ ዳግመኛም ማመልከት እንደማትችል ይገልጻል። ቅሬታ ካላት ግን ሥራው የእሷ ስለመሆኑ ከመምህሩ የተጻፈ ማረጋገጫ በሃያ ቀን ውስጥ ታቅርብ።

ስንዱ የታተመውን አፈላልጋ አወረደችው። ቃሉ ቃሏ ነው፤ ምሳሌዎቹ፣ የተማሪዎቿን ስም ያስገባችባቸው ሳይቀሩ፣ ምሳሌዎቿ ናቸው። የተለወጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ የልመንህ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ «ስህተቴ» የሚሉት ክፍሎችም ከነምክንያታቸው ወጥተው በቦታቸው «ጥንቃቄ» የሚል አንድ አንድ መስመር ገብቷል። ምስጋና በሚለው ገጽ ላይ የእሷ ስም የለም፤ የመሪጌታ ዓለምነህ ስም ግን አለ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። ስንዱን የከዳት እጇ ነው፤ በራሷ ጽሕፈት ሥራዋን ለሰው ፈርማ ሰጥታለች።

ያም ሆኖ ልመንህን አልጠረጠረችም። አሳታሚው ተሳስቶ ይሆናል አለች፤ ልመንህ ሳያውቅ ይሆናል አለች፤ እንዲህ ዓይነቱን ጅልነት የሚሠራው የሚወድ ሰው ብቻ ነው። ደወለችለት።

«ወንድሜ፣ አንዲት መስመር ጻፍልኝ» አለችው ነገሩን ካስረዳችው በኋላ። «የጻፈችው እሷ ናት በል። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ መጽሐፉ ባንተ ስም ይቅር።»

ልመንህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እቴ፣ አሁን ስብሰባ ልገባ ነው። ግን እስቲ አስቢው፤ ከልመንህ የተቀበልሁት ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ ጻፊ አላልሁሽም።»

«ምን ለማለት እንደጻፍሁት አንተ ታውቃለህ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለና ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሣላትም።

ስንዱ በነጋታው ቤተ ልሔም ወርዳ ለአባቷ ነገረቻቸው። መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከተማሪዎቻቸው መካከል ተቀምጠው በጆሯቸው ነው የሚያርሙት። ስለ ኮምፒውተሩ የተናገረችውን ብዙም አልተከተሉም፤ ሥርዓቱን የነካው ግን ወዲያው ገባቸው።

«ስንት አስተማረሽ?» አሏት።

«ሦስት።»

«ስንት ጻፍሽ?»

«አርባ አንድ።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ስልክ ሰውን ያስዋሻል። በሰው ፊት ጠይቂው። ልመንህ እዚህ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ከማን ተቀበልሽው ተብለሽ በሰው ፊት ስሙን ብትጠሪ፣ የእኔ አይደለም ማለት እንዳለበት ያውቃል። እኔ ነኝ ያስተማርሁት።» በልጃቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው «አይዞሽ፣ አይክድሽም» አሏት። ስንዱም አምናቸው ተመለሰች።

ቀኑ ራሱ መጣላት። ቅሬታው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ልመንህ በዚሁ መጽሐፍ ሥልጠና ሊሰጥ ንፋስ መውጫ ገባ። ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አርባ ያህል የሒሳብ መምህራን ተጠርተዋል። ካሰችም ወዳጇን ብቻዋን ላለመተው መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። ልመንህ አዳራሹ ውስጥ ስንዱን ሲያይ እጁን ዘርግቶ መጣና አቅፎ ሳማት፤ ከፊት ወንበር ስቦ አስቀመጣት። የምሬን ነው፣ ለአንድ አፍታ ነገሩ ሁሉ አለመግባባት ሆኖ ታያት።

እስከ ረፋዱ ድረስ ጥሩ አድርጎ አስተማረ፤ በአንደበቱ የሚታማ ሰው አይደለም። ከሻይ በኋላ ግን እንየው የሚባል ከአርብ ገበያ የመጣ መምህር እጁን አወጣ። እንየው ነገር ሳይገባው የማያልፍ፣ የቤተ ክህነት ትምህርትም የቀመሰ ሰው ነው።

«ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ» አለ፣ «ኢንዳክሽን ከመጀመር በፊት ታሳቢውን ከመስመሩ በታች መልሱት፣ ጥንቃቄ ይላል። እኔ ሳልመልስ ሞከርሁና እምቢ አለኝ። መልሼ ሞከርሁ፣ ሠራልኝ። ለምን?»

ልመንህ ገጹን ገለጠ። «ይህ እንግዲህ የፕሮግራሙ ጠባይ ነው» አለ። እንየው «ጠባይማ ምክንያት አለው» አለ። ልመንህ ወደ ፕሮጀክተሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ማርከሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ምክንያቱ ቆርጦ በጣላት በአሥራ አንድ ቀኗ «ስህተቴ» ውስጥ ነበር። ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «እዚህ ጎበዝ ተማሪዬ አለች። ስንዱ፣ እስቲ አስታውሻቸው።»

ስንዱ ዝም ማለት ትችል ነበር። እንየው ግን ከአርብ ገበያ ድረስ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጦ የመጣ ሰው ነው፤ መልሱን ሳያገኝ ይመለስ ማለት አስተማሪነቷ አልፈቀደላትም። ተነሥታ ሰሌዳው ላይ አሳየችው። ታሳቢው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ የተነገረ ሆኖ ከመስመሩ በላይ ከቀረ ኢንዳክሽኑም፣ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው እየተሻገሩ የሚያረጋግጡበት ስልት፣ ስለዚያው አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚናገር፣ ወደሚቀጥለው ሲሻገር ታሳቢው እንደማይከተለው፣ አስቀድሞ ወደ ታች ከተመለሰ ግን ለሁሉም ቁጥር እንደሚሆን በሦስት መስመር አስረዳች። አዳራሹ ውስጥ «አሃ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

እንየው ሳቀ። «ተባረኪ፣ እቴ። ይህንስ ከማን ተቀበልሽው?»

ስንዱ ወደ ልመንህ ዞረች። አራት ቃል ነው የፈለገችው፤ የእኔ አይደለም፣ እሷ ናት። ልመንህ የማርከሩን ክዳን ይመለከት ነበር። ጠበቀችው፤ አርባው ሰው እስኪቁነጠነጥ ድረስ ጠበቀችው።

«ከልመንህ ሦስት ዘዴ ተቀብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «የቀሩትን ሠላሳ ስምንቱን ከማንም አልተቀበልሁም። መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ልመንህ፣ የእኔ አይደለም በል።»

ልመንህ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ላፕቶፑን ነካ ነካ አደረገና የላከችለትን ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ግድግዳው ላይ አወጣው። በሰው ፊት ልትጠይቀው እንደምትችል አስቦ ይዞት መጥቷል ማለት ነው።

«ይህን የጻፈው ማን ነው፣ እቴ?» አላት በለሰለሰ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«ከመምህር ልመንህ የተቀበልሁት ይላል። ያስገደደሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«የመሪጌታ ዓለምነህ ልጅ ያልተቀበለችውን ተቀበልሁ ብላ ትጽፋለች?»

ስንዱ ግድግዳው ላይ የወጣውን የገዛ ጽሕፈቷን ዳግመኛ አነበበችው። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ቢጠይቃት ታስረዳው ነበር። ይህ ግን ሥርዓቱን ከአባቷ አፍ የሰማ፣ የእናቷን እንጀራ የበላ ሰው ነው፤ እያንዳንዷን ቃል የት ቦታ ቢሰካት እንደምትገድል አውቆ ነው የሰካት። እንየው ደብተሩን ዘጋ። ካሰችን ፈለገቻት፤ ካሰች መሬት መሬቱን ታያለች። በጋይንት ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ መምህሩን የካደን ግን ይቅር አይልም።

የቅሬታው ቀን አለፈ። የዩኒቨርሲቲው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወሬው ግን አላለፈም፤ ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች «መምህሯን የካደችው» ብለው ሲጠቋቆሙባት በጆሮዋ ሰማች። እናቷ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። የሞተን ሰው አልቅሰው ይቀብሩታል፤ ከዳተኛ ወዳጅ በየስብሰባው ቆሞ ሲናገር ይታያል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ልሔም ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ነበር። አባቷ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት።»

«የእኔ አይደለም አለ?»

«አላለም። ጭራሽ በእርስዎ ስም አፌን ዘጋኝ።» የተባለውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። ከዚያ ያልጠበቀችው ቁጣ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ መጣባት። «የጣለኝ የእርስዎ ሥርዓት ነው፣ አባቴ። እሱንም አይክድሽም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

መሪጌታ አልተቆጡም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። «እውነት ነው» አሉ። «ሄጄ እንዳልመሰክርልሽ አባት ነኝ፤ አባት ለልጁ ቢመሰክር ማን ያምነዋል? አርባ ዓመት አስተማርሁ፤ ስሜን ይዞ የወጣ ተማሪ ብዙ ነው። እዚያ መጽሐፍ ላይ ስሜ አለ አላልሽኝም?»

«አለ።»

«ደብዳቤ ጻፊልኝ» አሉ። ስልኳን አወጣች። ሽማግሌው ቃል እየመረጡ፣ ዜማ እንደሚያርሙ ዓይነት ቀስ ብለው አስጻፏት። «ልመንህ ክንዱ። ከእንግዲህ ከማን ተቀበልኸው ብለው ሲጠይቁህ የእኔን ስም አትጥራ። ይህንን እኔ አልሰጠሁህም።»

ስንዱ ላከችው። ልመንህ ወዲያው እንዳነበበው ስልኳ አሳያት፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።